ባልሠራው ወንጀል የተፈረደበት ሰው በሜሪላንድ ስሙን የሚያጸዳው እንዴት ነው?

ከዘመድ ወዳጅዎ አንዱ ሜሪላንድ ውስጥ ባልሠራው ወንጀል ተፈርዶበታል እንበል። ቤተሰቡ አልቅሷል፤ ጠበቃውም «አዝናለሁ» ብሎ ፋይሉን ዘግቷል። ከዚህ በኋላ ምን ይደረጋል? መንገድ አለ፤ አንድ ብቻም አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዱ መንገድ የራሱ ደንብና የራሱ ቀነ ገደብ አለው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙ፦ «ንጹሕ ነኝ» የሚል ቃል ብቻውን የትም አያደርስም። ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው ወረቀትና ማስረጃ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የአንድ ሰው ታሪክ ይበቃል። ከርክ ብለድስዎርዝ ይባላል። የሜሪላንድ ሰው ነው፤ ማሪን ተብሎ በሚጠራው የጦር ክፍል አገልግሏል፤ በኋላም ሸርጣን እያጠመደ ይኖር ነበር። በ1984 በባልቲሞር ካውንቲ አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ተደፍራ ተገድላ ተገኘች (እዚህ የሚያነቧቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ልጅቱን ከአንድ ሰው ጋር ያዩ ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ፖሊስ እነሱ በነገሩት መሠረት የሰውየውን መልክ አስሎ በቴሌቪዥን አሳየ። ስሙን ያልተናገረ አንድ ሰው ደወለና ሥዕሉ ከርክን እንደሚመስል ጠቆመ።

ይፈለግ የነበረው ሰው 6 ጫማ ከ5 ኢንች የሚረዝም፣ ቀጭንና ባለ ወርቃማ ፀጉር ነው ተብሎ ነበር። ብለድስዎርዝ ደግሞ ቁመቱ 6 ጫማ ገደማ፣ ሰውነቱ ደንዳና፣ ፀጉሩ ቀይ ነው። ያም ሆኖ 5 ምስክሮች ችሎት ቀርበው «ያየነው እሱን ነው» አሉ።

ሌላውን ማስረጃ ቢሰሙ ይገረማሉ። ብለድስዎርዝ በዚያ ሰሞን ለሚያውቃቸው ሰዎች ትዳሬን የሚያበላሽ መጥፎ ነገር ሠርቻለሁ ብሎ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ይህን እንደ ኑዛዜ ቆጠረበት። መጥፎ ያለው ነገር ግን ለሚስቱ እገዛልሻለሁ ያላትን ታኮ ሰላጣ፣ ማለትም አንድ ሳህን የሜክሲኮ ምግብ፣ ሳይገዛላት መቅረቱ እንደነበር በኋላ አስረድቷል። ደም ስለነካው ድንጋይም አውርቷል ተባለ። ድንጋዩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ያሳዩት ግን የመረመሩት ፖሊሶች ራሳቸው ነበሩ። በ1985 ሞት ተፈረደበት።

ታዲያ እንዴት ወጣ? በመጀመሪያ ይግባኝ አለ። በ1986 የበላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው፤ ምክንያቱ ዐቃቤ ሕግ በሌላ ተጠርጣሪ ላይ የነበረውን መረጃ ለተከላካዩ ሳይሰጥ መቅረቱ ነው። ግን ፍርድ ተሻረ ማለት ሰውየው ነጻ ነው ማለት አልነበረም። እንደገና ተከሰሰ፤ በ1987 እንደገና ጥፋተኛ ተባለ። በዚህኛው ጊዜ ሁለት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

በእስር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠራ ነበር። እዚያ በእንግሊዝ አገር ነፍሰ ገዳይ በዲኤንኤ እንዴት እንደተያዘ የሚተርክ መጽሐፍ እጁ ገባ። ዲኤንኤ ማለት በደም፣ በምራቅ፣ በዘር ፈሳሽ ውስጥ የሚገኝ የእያንዳንዱ ሰው የዘር መለያ ነው። ሰውን መክሰስ ከቻለ ነጻ ማውጣትም ይችላል ብሎ ጠበቃውን ወተወተ። ማስረጃው ሳይጠፋ አልቀረም ተብሎ ነበር። የሟቿ ልብስ ግን በመጨረሻ በዳኛው ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ምርመራው ልብሱ ላይ የተገኘው የዘር ፈሳሽ የእሱ እንዳልሆነ አሳየ፤ ኤፍቢአይም ደግሞ መርምሮ አረጋገጠ። በሰኔ 1993 ወደ 9 ዓመት ከሚጠጋ እስር በኋላ ተፈታ። እናቱ ከ5 ወር በፊት ሞተው ስለነበር መፈታቱን አላዩም።

ትክክለኛው ገዳይ የታወቀው ገና በ2003 ነው። ዲኤንኤው በወንጀለኞች መዝገብ ሲፈለግ የአንድ እስረኛ ሆኖ ተገኘ። ያ እስረኛ በሌላ ወንጀል ተፈርዶበት ከብለድስዎርዝ ክፍል ሥር ባለው ፎቅ ታስሮ ነበር። ብለድስዎርዝ መጽሐፍ ያመጣለት ነበር።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ጉዳይ እንምጣ። ፍርዱ ትናንት ከተሰጠ ከየት ይጀመራል?

ቀን በመቁጠር ይጀመራል። ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝቡ የተውጣጡት ፈራጆች፣ ጥፋተኛ ካሉ በኋላ «እንደገና ይታይልኝ» የሚለው ጥያቄ በ10 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ይግባኝ የሚባለው ደግሞ ፍርዱ በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ጠበቃው ይህን አስገብቶ እንደሆነ በቃል አይመኑ። ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይጠይቁ።

ይግባኝ ሰሚው ምስክሮችን እንደገና ይሰማል? አይሰማም። ብዙ ቤተሰብ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ይግባኝ ሰሚው የሚያየው በችሎት የተባለው ሁሉ ቃል በቃል የተገለበጠበትን ወረቀት ነው። ጥያቄውም «ሰውየው ሠርቷል ወይስ አልሠራም?» አይደለም፤ «ዳኛው ሕጉን ተከትሏል ወይ?» ነው። አዲስ ምስክር ይዘው ቢሄዱ «ቦታው እዚህ አይደለም» ይሉዎታል።

ይግባኙ ውድቅ ከሆነስ? ሁለተኛው መንገድ «ፖስት ኮንቪክሽን» ይባላል። ከፍርድ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ማለት ነው። በሜሪላንድ ቅጣቱ ከተወሰነበት ቀን ጀምሮ በ10 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ የሚፈቀደውም አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ተቻኩሎ የተጻፈ አቤቱታ ማስገባት ጉዳቱ ትልቅ ነው። አቅም የሌለው እስረኛ ለዚህ የመጀመሪያ አቤቱታ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያገኛል፤ ሰው «ፓብሊክ ዲፌንደር» የሚለው ማለት ነው።

እዚህ ላይ በብዛት የሚነሡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የራስ ጠበቃ ስንፍና ነው፦ ምስክር አልጠራም፣ ማስረጃ አላየም። ጠበቃው ማጥፋቱን ማሳየት ብቻ አይበቃም። ጥፋቱ ባይኖር ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል እንደነበርም ማሳየት ያስፈልጋል። ሌላው ዐቃቤ ሕግ የደበቀው መረጃ ነው። ለተከሳሹ የሚጠቅም መረጃ ያለው ዐቃቤ ሕግ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ደንብ በመላው አሜሪካ የሚሠራ ሲሆን፣ በ1963 የተወለደው ከዚሁ ከሜሪላንድ በሄደ ጉዳይ ነው። ብሬዲ ይባላል። ጠበቃ ሲያነጋግሩ «ብሬዲ የሚሆን ነገር አለ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ወዲያው ይገባዋል።

ሦስተኛው መንገድ ዲኤንኤ ነው። ሜሪላንድ ከ2001 ጀምሮ የተፈረደበት ሰው ማስረጃው እንዲመረመርለት የሚጠይቅበት ሕግ አላት። ዓመት ቢያልፍም ጥያቄው ይቀርባል። ዲኤንኤ ግን የሚረዳው ወንጀለኛው ከአካሉ ትቶት የሄደው ነገር ሲኖር፣ ያም ሳይጣል ሲቆይ ነው። በጥይት ከሩቅ በተገደለ ሰው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ምንም አይገኝም። በአሜሪካ ከ1989 ወዲህ ከ3,000 በላይ ሰዎች ፍርዳቸው ተሽሮ ንጽሕናቸው ተመዝግቧል፤ አብዛኞቹ ስማቸው የጸዳው ያለ ዲኤንኤ ነው።

ዲኤንኤ ለሌለባቸው ጉዳዮች አራተኛው መንገድ አለ። በ2009 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን ስሙ «ሪት ኦፍ አክቹዋል ኢኖሰንስ» ነው። በአማርኛ የንጽሕና አቤቱታ ልንለው እንችላለን። የጊዜ ገደብ የለውም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማስረጃው አዲስ የተገኘ መሆን አለበት፤ በጊዜው ቢፈለግም ሊገኝ የማይችል የነበረ። ሁለተኛ፣ ያኔ ጁሪው ቢሰማው ውጤቱ ሌላ ሊሆን የሚችልበት ዕድል ጉልህ መሆን አለበት። ወንጀሉን አምኖ የተፈረደበት ሰውም ከ2018 ወዲህ ይህን ማቅረብ ይችላል፤ ለእሱ ግን መመዘኛው ከበድ ይላል።

አቤቱታው ተቀባይነት ቢያገኝ ብዙ ጊዜ ፍርዱ ይሻርና ኳሱ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ዐቃቤ ሕግ ወይ እንደገና ይከሳል፣ ወይ ክሱን ያነሣል። ስም ጸዳ የሚባለው ክሱ ሲነሣ ወይም በአዲሱ ችሎት «ጥፋተኛ አይደለም» ሲባል ነው።

ፍርዱን ያስፈረደው ዐቃቤ ሕግ ራሱ ሊረዳ ይችላል? አንዳንዴ ይረዳል። በባልቲሞር ከተማና በአንዳንድ ካውንቲዎች ዐቃቤ ሕጉ ውስጥ የቆዩ ፍርዶችን እንደገና የሚመረምር ክፍል አለ። በዚህ በኩል የሄደውን ትልቅ ጉዳይ ላውራዎት።

በ1983 በባልቲሞር ሃርለም ፓርክ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለጃኬቱ ሲባል በጥይት ተገደለ። ጃኬቱ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ስም ያለበት ነበር። ፖሊስ አልፍሬድ ቼስትነትን፣ ራንሰም ዋትኪንስንና አንድሩ ስቱዋርትን በታንክስጊቪንግ (በምስጋና በዓል) ዕለት ያዘ። ሦስቱም 16 ዓመታቸው ነበር። ቼስትነት ቤት ተመሳሳይ ጃኬት ተገኘ። እናቱ የገዙበትን ደረሰኝ አቀረቡ። አልጠቀመም፤ ተማሪ ምስክሮች «እነሱ ናቸው» ብለው ነበርና በ1984 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው።

ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ቼስትነት ከእስር ቤት ሆኖ የመንግሥት ሰነድ የማግኘት መብቱን ተጠቅሞ ፋይሉን ጠየቀ። ሰነዱ መጣ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ፎቶ ሲያሳዩአቸው ሦስቱን ልጆች እንዳልለዩአቸው፣ ሌላ ተጠርጣሪም ተጠቁሞ እንደነበር የሚያሳዩ የፖሊስ ሪፖርቶች ነበሩበት። በ2019 በእጁ ደብዳቤ ጽፎ ለዐቃቤ ሕጉ መርማሪ ክፍል ላከ። ያኔ ልጆች የነበሩት ምስክሮች ፖሊስ አስገድዶ እንዳስመሰከራቸው ተናገሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ሦስቱ ከ36 ዓመት በኋላ ወጡ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ከዚህ ታሪክ ቤተሰብ ሊይዘው የሚገባ ነገር ቢኖር ያ የሰነድ ጥያቄ ነው። ነገሩን የከፈተው እሱ ነው። ማንም ሊጽፈው ይችላል። ጠበቃ አይጠይቅም፤ ብዙውን ጊዜ ወጪው የማባዣ ነው።

ፌዴራል ፍርድ ቤትስ? አለ፤ ግን በሩ ጠባብ ነው። የክፍለ ግዛቱ ይግባኝ ካበቃ በኋላ በአጠቃላይ የ1 ዓመት ገደብ አለው። የሚያየውም የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ተጥሷል ወይ የሚለውን ነው። ቀኑን ለጠበቃ ማስቆጠር ይሻላል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር ልመለስ። መፈታትና ነጻ መባል ይለያያሉ። «ሲሪያል» በተባለው ፖድካስት የታወቀውን አድናን ሰይድን ያስታውሱ ይሆናል። በ2000 በባልቲሞር በነፍስ ግድያ ተፈረደበት። በ2022 ፍርዱ ተሽሮ ወጣ፤ ክሱም ተነሣ። ከዚያ የሟቿ ቤተሰብ በቂ ማስታወቂያ አልተሰጠውም ተብሎ ፍርዱ ተመለሰ፤ በ2024 የሜሪላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንኑ አጸና። በ2025 ቅጣቱ እስከዚያ በታሰረው ልክ እንዲቀነስ ተወሰነ። ሰውየው ዛሬ ቤቱ ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን አሁንም ጥፋተኛ ነው።

ነጻ ሳይባሉ መፈታት በሌላ መልክም ይመጣል። ዐቃቤ ሕጉ ጉዳዩ እንደተዳከመ ሲያውቅ እስረኛውን «ጥፋተኝነትህን ተቀበልና ዛሬውኑ ውጣ» ይለዋል። «አልፎርድ» የሚባል ዓይነትም አለ፤ ንጹሕ ነኝ እያሉ ማስረጃው ለማስፈረድ እንደሚበቃ ብቻ መቀበል ነው። ይህም እንደ ጥፋተኝነት ይመዘገባል። ሃያ ዓመት የታሰረን ሰው «አትፈርም» ብሎ ማስገደድ ለማንም አይገባም። ነገር ግን ከፈረመ በኋላ የካሳው መንገድ ሊዘጋበት እንደሚችልና መዝገቡ እንደሚከተለው አስቀድሞ ይወቅ።

ካሳው ስንት ነው? ሜሪላንድ በ2021 «ዋልተር ሎማክስ አክት» የሚባል ሕግ አወጣች። ሎማክስ ራሱ 39 ዓመት ገደማ ታስሮ የወጣ ሰው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የክፍለ ግዛቱ ቤተሰብ ዓመታዊ መካከለኛ ገቢ ሰውየው በታሰረባቸው ዓመታት ብዛት ይባዛል። ገንዘቡ ወዲያው አይመጣም፤ ጉዳዩ በአስተዳደር ዳኛ ይታያል። ከገንዘቡ ሌላ የመኖሪያ፣ የሕክምናና የትምህርት እርዳታም ሊታከል ይችላል።

ከዚህ ሕግ በፊት ካሳ በባለሥልጣናት በጎ ፈቃድ ነበር። ብለድስዎርዝ በ1994 300 ሺህ ዶላር ተሰጠው። አዲሱ ሕግ ከወጣ በኋላ ደግሞ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ተጨመረለት። ለሦስቱ የሃርለም ፓርክ ሰዎች ክፍለ ግዛቱ በ2020 ለእያንዳንዳቸው ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ከተማው ደግሞ በፖሊሶቹ ምክንያት ተከሶ በ2023 ለሦስቱ በድምሩ 48 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ወጪውስ? ሰው የማይነግርዎት ክፍል ይህ ነው። የግል ጠበቃ በብዙ ሺህ ዶላር ይቆጠራል። የችሎቱ ግልባጭ በገጽ ይከፈልበታል፤ ሳምንታት የወሰደ ችሎት በሺህ የሚቆጠር ገጽ ሊኖረው ይችላል። ባለሙያ መርማሪና የላብራቶሪ ምርመራም ለየብቻ ነው። የብለድስዎርዝን የዲኤንኤ ምርመራ የከፈለው ጠበቃው ከራሱ ኪስ ነበር። ስለዚህ ዕቁብ ጥሎ ወይም ቤተ ክርስቲያን አዋጥቶ ለግል ጠበቃ ከመክፈል በፊት በነጻ የሚሠሩትን መጠየቅ ይቀድማል።

የውጭ አገር ዜጋ ከሆነስ? ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከተፈረደበት ከእስሩ በላይ ወደ አገሩ መባረርም ያሰጋዋል። እዚህ ላይ ፍርዱ የተሻረበት ምክንያት ይወስናል። በፍርዱ ሂደት ጉድለት ምክንያት ከተሻረ የኢሚግሬሽን ዳኛም እንደሌለ ይቆጥረዋል። «እንዳይባረር» ተብሎ ብቻ ከተሻረ ግን ለኢሚግሬሽን ፍርዱ እንዳለ ነው። ቅጣቱን ጨርሶ ለወጣና ፍርዱ አሁንም ለሚጎዳው ሰው «ኮራም ኖቢስ» የሚባል አቤቱታ አለ። በተለይ ወንጀሉን ሲያምን መዘዙን በትክክል ያልተነገረው ሰው ስለዚህ ከወንጀልም ከኢሚግሬሽንም ጠበቃ ጋር ይነጋገር።

ከቋንቋ ጋር የተያያዘ ነገርም አለ። በሜሪላንድ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሲጠየቅ ያለ ክፍያ ይመደባል። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብሎ አስተርጓሚ ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም፤ ገበያ ላይ የሚበቃ እንግሊዝኛ ፖሊስ ፊት አይበቃም። የብለድስዎርዝ ታኮ ሰላጣ የሞት ማስረጃ የሆነው አፉን የፈታበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ ነው።

አሁኑኑ ቤትዎ የሚሠሩት ሥራ አለ። የክሱን ወረቀት፣ የፍርዱን ቅጂ፣ ከጠበቃው የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ። በዚያ ቀን የት እንደነበረ የሚያሳይ ደረሰኝ፣ የሥራ ሰዓት መዝገብ፣ የስልክ ዝርዝር ካለ አይጣሉ። ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ማስረጃው እንዳይጠፋ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የላኩበትን ቅጂ ያስቀሩ። የቀድሞ ምስክር «ዋሽቻለሁ» ብሎ ከደወለልዎት ብቻዎን አያነጋግሩት፤ በኋላ አስፈራርተውታል ይባላሉ። ቁጥሩን ለጠበቃ ወይም ለመርማሪ ይስጡ።

ከዚያ ለሚድ አትላንቲክ ኢኖሰንስ ፕሮጀክት ይጻፉ። ይህ ድርጅት በሜሪላንድ፣ በዋሽንግተን ዲሲና በቨርጂኒያ ለተፈረደባቸው ንጹሐን ያለ ክፍያ ይሟገታል። በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ባልቲሞር የሕግ ትምህርት ቤትም ተመሳሳይ ክሊኒክ አለ፤ ተማሪዎች በመምህር ጠበቃ ሥር ሆነው ጉዳይ ይይዛሉ። ሁለቱም የሚቀበሉት ጥቂቱን ነው፤ መልሱም ይዘገያል። ፍርዱ በቨርጂኒያ ከሆነ እዚህ የነገርኩዎት ቀነ ገደቦች አይሠሩም፤ እዚያ ሕጉ ሌላ ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ከላይ የክሱን ቁጥር፣ የፈረደውን ፍርድ ቤትና ዓመቱን ይጻፉ። ከዚያ በምን እንደተፈረደበት፣ በእነማን ምስክርነት እንደሆነ፣ ጁሪው ያልሰማው ማስረጃ ምን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ይንገሯቸው። ዋናውን ሰነድ አይላኩ፤ ቅጂውን ይላኩ።